ሕፃናትን ቍጥር ስለ ማስተማር

የ7 ዓመት ሕፃን ወደ ትምህርት ቤት በመጣ ጊዜ ብዙ ሰው ቍጥር የማያውቅ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ልጁ ማታ በጎችን ወደ በረት ሲያስገባ አንዲት ብትጐድል ያውቃል፤ እናቱ ለሦስት ልጆች እንጀራ ስታካፍል የእርሱ ድርሻ ያነሰ እንደ ሆነ ያለቅሳል፤ ቅልልቦሽ ሲጫወት ጠጠሩን አስቀድሞ አንድ አንድ፣ ኋላም ሁለት ሁለት አድርጎ መልቀምን ያስተማረው መምህር የለም። ስለዚህ የመምህሩ ሥራ ባዶ እንስራ መሙላት አይደለም፤ ልጁ በእጁና በዐይኑ ያወቀውን ቍጥር በሰሌዳ ላይ ከሚጻፈው ምልክት ጋራ ማገናኘት ነው። በእጅና በሰሌዳ መካከል ያለው መንገድ ግን አጭር ይምሰል እንጂ ብዙ ልጅ የሚጠፋበት ነው።

ከሚጠፉበት ስፍራ ዋናው ይህ ነው። መምህሩ «መቶ ሃያ አምስት ብለህ ጻፍ» ሲለው ልጁ 100205 ብሎ ይጽፋል። መምህሩ ይቈጣል፤ ጓደኞቹ ይሥቃሉ። ነገሩን ለሚመረምር ሰው ግን ልጁ የሰማውን አንድ ሳያስቀር ጽፏል፤ መቶ ሲባል 100፣ ሃያ ሲባል 20፣ አምስት ሲባል 5 አኑሯል። ከዚህም በላይ አባቶቹ በብራና ላይ ሲጽፉ የኖሩት እንዲሁ ነው፤ መቶ ሃያ አምስት በግእዝ አኃዝ ፻፳፭ ተብሎ ይጻፋልና። ፻ መቶ ነው፤ ፳ ሃያ ነው፤ ፭ አምስት ነው፤ ንግግሩና ጽሕፈቱ አንድ ናቸው። ልጁን ያሳሳተው ስንፍና ሳይሆን የአኃዙ ጠባይ መለየቱ ነው።

የግእዝ አኃዝ ምልክቶች 20 ናቸው፤ ከ፩ እስከ ፱ ዘጠኝ፣ ከ፲ እስከ ፺ ዘጠኝ፣ ከዚያም ፻ እና ፼። መልካቸው ከግሪክ ፊደል የመጣ ነው፤ በ4ኛው መቶ ዓመት የአክሱም ንጉሥ ኢዛና በድንጋይ ላይ ባስጻፈው ጽሕፈትም ይገኛሉ። በዚህ አኃዝ ውስጥ አልቦ፣ ማለት ዜሮ፣ የለም፤ አያስፈልግምም። ፳ን ያየ ሰው ሃያ መሆኑን ለማወቅ ጎረቤቱን አይጠይቅም። ዛሬ በትምህርት ቤት የሚጻፈው አኃዝ ግን ከሕንድ የመጣ ነው፤ በዚህኛው 2 ብቻዋን ስትቆም ሁለት ናት፤ በስተ ቀኟ አንድ አኃዝ ሲጨመር ሃያ ትሆናለች፤ ሁለት አኃዝ ሲጨመር ሁለት መቶ ትሆናለች። ዋጋው የሚታወቀው በመልኩ ብቻ ሳይሆን በስፍራው ነው። ስፍራው ባዶ በሆነ ጊዜም ባዶነቱን የሚጠብቅ ዘበኛ ያስፈልጋል፤ እርሱም 0 ነው።

ይህ አሳብ ለዐዋቂዎችም ቀላል አልነበረም። ዘመኑ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ሲነገር፣ ሕንዳዊው ሊቅ ብራህማጉፕታ ስለ አልቦ የሒሳብ ሕግ የጻፈው በ628 ዓ.ም. ነው፤ በ9ኛው መቶ ዓመት አል ኽዋሪዝሚ በባግዳድ ሆኖ ስለዚሁ አኃዝ መጽሐፍ ጻፈ፤ በ1202 ዓ.ም. ደግሞ ፊቦናቺ የሚባለው የፒዛው ሌዎናርዶ ለኢጣልያ ሰዎች በመጽሐፍ አስተማረ። እንዲህም ሆኖ በ1299 ዓ.ም. የፊሬንዜ ገንዘብ ለዋጮች ማኅበር አባሎቹ መዝገባቸውን በዚህ አኃዝ እንዳይጽፉ ከለከለ። ገንዘብ በመቍጠር ያረጁ ሰዎች የፈሩትን ነገር የ7 ዓመት ሕፃን በአንድ ሳምንት እንዲለምደው መጠበቅ ፍርድ አይደለም።

ነገሩ የሰሌዳ ጉዳይ ብቻ ሆኖ የሚቀር አይምሰል። በገጠር በብዙ ቤት ማንበብ የሚችል ልጁ ብቻ ነው። አባት ማዳበሪያ በዱቤ ወስዶ ደረሰኝ ይዞ ሲመለስ «ስንት ይላል?» ብሎ የሚጠይቀው ልጁን ነው። ለልጁ 3050 እና 3500 አንድ መስለው ከታዩት አባቱ ያልወሰደውን ይከፍላል፤ እህል ሽጦ እንደ ሆነም የሚገባውን ሳይቀበል ይቀራል። ኋላ ነገሩ ወደ ክርክር ቢደርስ የሚጸናው የተጻፈው ነው። በዚያ ወረቀት ላይ የምትገኝ አንዲት 0 የበሬ ዋጋ ልትሆን ትችላለች።

ይህን ስሕተት በአርጩሜ ለማረም የሚሞክር መምህር አለ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት የተጠበቁ እንዲሆኑ ደንግጓል። ሕጉ ባይኖር እንኳ የተገረፈ ልጅ ከዚያ በኋላ የሚማረው ሰሌዳውን በክንዱ መሸፈን ነው፤ ስሕተቱ ካልታየ ደግሞ መምህሩ ምኑን ያርማል?

የሚሻለው መድኃኒት ከአጨዳ ስፍራ ይገኛል። የገጠር ልጅ ነዶ ያውቃል፤ አጫጆች ያጨዱትን በነዶ በነዶ ሲያስሩ፣ ነዶውም ተሰብስቦ ክምር ሲሆን አይቷል። መምህሩ እያንዳንዱ ልጅ የጣት ርዝመት ያላቸው ቀጫጭን እንጨቶች ለቅሞ እንዲመጣ ይዘዝ። ልጆቹ እየቈጠሩ ዐሥር በሞላ ቍጥር በልጥ ወይም በቃጫ ይሰሩት፤ እስሩም ነዶ ይባል። ዐሥር ነዶ በአንድነት ሲታሰር ደግሞ ክምር ይባል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ልጁ ራሱ ቈጥሮ ራሱ ይሰር። መምህሩ አስሮ ቢሰጠው ጥቅሙ በግማሽ ይቀራል፤ ዐሥሩን በእጁ ያልሞላ ልጅ ነዶውን እንደ አንድ ወፍራም እንጨት ያየዋልና።

ከዚህ በኋላ መሬት ላይ ሦስት ቤት ይሠመር፤ በስተ ቀኝ የነጠላ ቤት፣ በመካከል የነዶ ቤት፣ በስተ ግራ የክምር ቤት። መቶ ሃያ አምስት ሲባል ልጁ በክምር ቤት 1፣ በነዶ ቤት 2፣ በነጠላ ቤት 5 ያኖራል፤ ከየቤቱም በታች ዐፈሩ ላይ በጣቱ 1፣ 2፣ 5 ብሎ ይጽፋል። ያን ጊዜ 100205 የጻፈው ልጅ ማንም ሳይነግረው የቀድሞ ጽሕፈቱን ያጠፋል።

ቀጥሎ ሦስት መቶ አምስት ይባል። ክምር 3 ነው፤ ነጠላ 5 ነው፤ የነዶ ቤት ባዶ ነው። ልጁ ምናልባት 35 ብሎ ይጽፍ ይሆናል። መምህሩ አይቸኵል፤ ስሕተት ነው አይበል። እንጨቶቹን ያንሣ፤ ቤቶቹንም ያጥፋ፤ ጽሕፈቱን ብቻ ትቶ ውጭ የቈየ ሌላ ልጅ ይጥራና «ይህ ጽሕፈት የሚለውን ያህል እንጨት አምጣ» ይበለው። የተጠራው ልጅ 3 ነዶና 5 ነጠላ ያመጣል። የፊተኛው «እኔ ክምር ነው ያልሁት» ይላል፤ የኋለኛው «የታለ ክምሩ? የተጻፈው 35 ነው» ይላል። ይህ ክርክር ከመምህሩ ቃል ይልቅ ያስተምራል። ባዶው ቤት ጠባቂ እንደሚያስፈልገው ልጆቹ ራሳቸው ይደርሱበታል፤ ያን ጊዜ መምህሩ 0ን ቢያሳያቸው እንደ ተቸገሩበት ነገር መፍትሔ አድርገው ይቀበሏታል እንጂ ሌላ አዲስ ምልክት መጣብን አይሉም።

ይህ ሥራ የአንድ ቀን አይደለም። ብዙ መምህራን ለዚህ ሁለት ሦስት ቀን ሰጥተው ወደ መደመር ይሮጣሉ፤ ኋላም በ3ኛና በ4ኛ ክፍል ልጁ ለምን እንደማይገባው ይደነቃሉ። እስከ 20 ያለው በደንብ ታስሮና ተፈትቶ ሳይለመድ ወደ መቶ ባይታለፍ ይሻላል፤ አንድ ወርም ቢፈጅ አይብዛ። እንጨት የሰለቸው ክፍል በገንዘብ ይለማመድ፤ የ1 ብር፣ የ10 ብር፣ የ100 ብር እያሉ ወረቀት መቍረጥ ይበቃል። ነገር ግን ገንዘቡ ከነዶው ኋላ እንጂ ፊት አይምጣ። የ10 ብር ወረቀት በውስጡ ዐሥር መኖሩ አይታይም፤ የሚቀበሉት በእምነት ነው። ነዶ ግን ይፈታል፤ ይቈጠራልም።

ቋንቋውም ለመምህሩ ረዳት ነው። ዐሥራ አንድ፣ ዐሥራ ሁለት ሲባል ዐሥር በቃሉ ውስጥ መኖሩን ልጁ በጆሮው ይሰማል፤ እንግሊዞች ኢለቨን፣ ትዌልቭ ሲሉ ግን ዐሥሩ አይሰማም። ሠላሳ ከሦስት፣ አርባ ከአራት፣ አምሳ ከአምስት፣ ስድሳ ከስድስት፣ ሰባ ከሰባት፣ ሰማንያ ከስምንት፣ ዘጠና ከዘጠኝ ጋራ ዘመዳሞች ናቸው። ከመንጋው የተለየችው ሃያ ብቻ ናት፤ ሁለትን አትመስልም። ስለዚህ በሃያ ላይ «ሁለት ነዶ» ማለትን መደጋገም ያስፈልጋል። በኦሮምኛም እንዲሁ ነው፤ አፉርተማ ከአፉር፣ ሸንተማ ከሸን እንደ መጣ ይሰማል፤ ሃያ የሚባልበት ዲግደማ ግን ከለማ ጋራ አይመሳሰልም። መምህሩ ልጆቹ አፋቸውን በፈቱበት ቋንቋ ይህን ዝምድና እየፈለገ ቢያሳያቸው በብዙ ይደክም የነበረበት ነገር ይቀልለታል።

ነዶውን ያወቀ ልጅ ቀጥሎ ዐሥርን ከውስጡ መክፈል ይማር፤ 6 ከ4፣ 7 ከ3፣ 8 ከ2 ጋራ ዐሥር እንደሚሆን እንደ ስሙ ይወቀው። ለዚህ የሚረዳው ገበጣ ነው። የገበጣ ተጫዋች በጉድጓዱ ውስጥ ያለውን ሦስትና አራት ጠጠር አይቈጥርም፤ በዐይኑ ብቻ ያውቀዋል። ገበጣ ሲጫወት የተገኘ ልጅ ጊዜውን አባከነ ተብሎ ሲገሠጽ ይታያል፤ ተግሣጹ ግን ለከብቶቹ ጠባቂነት እንጂ ለሒሳቡ አይገባም። መምህሩ በዚሁ አምሳል በሁለት ረድፍ አምስት አምስት አድርጎ ዐሥር ትንንሽ ጉድጓድ ያስቈፍር። በስምንቱ ጉድጓድ አንዳንድ ባቄላ ሲገባ ሁለት ባዶ እንደ ቀረ ያለ ቍጥር ይታያል። እንግዲህ «8 እና 5 ስንት ነው?» ቢባል ከአምስቱ ሁለቱ ባዶዎቹን ጉድጓዶች ይሞላሉ፤ ሦስት በውጭ ይቀራሉ፤ አንድ ነዶና ሦስት፣ ማለት 13 ነው። ይህን በባቄላ ደጋግሞ ያየ ልጅ ኋላ ዐይኑን ጨፍኖም ያየዋል።

«በጣት አትቍጠር» የሚሉ መምህራን አሉ። የሰው ልጅ በዐሥር በዐሥር የሚቈጥረው ጣቱ ዐሥር ስለ ሆነ ነው፤ ልጅ ወደዚያው ቢመለስ ምን ያስነውራል? ዐሥርን ከውስጡ መክፈል የለመደ ልጅ ጣቱን በገዛ እጁ ይተወዋል። ሳይለምድ የተከለከለው ግን እጁን ከጠረጴዛ በታች ሸሽጎ ይቈጥራል፤ ስለሚፈራም ይሳሳታል።

አሁን ወደ ገበያ እንሂድ ቢባል፣ ሌላ የሚያስገርም ነገር ይገኛል። በ1985 ዓ.ም. እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ተሬዚኛ ካራሄር፣ ዴቪድ ካራሄርና አናሉሲያ ሽሊማን የሚባሉ ሦስት ተመራማሪዎች በብራዚል አገር በሬሲፌ ከተማ ያደረጉትን ምርመራ አሳተሙ። ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 15 የሆነ አምስት ሻጭ ልጆችን አስቀድመው እንደ ገዢ ሆነው በገበያ ጠየቋቸው፤ ልጆቹ ከመቶው 98 ያህሉን በትክክል መለሱ። ኋላ ያንኑ ሒሳብ በወረቀት ላይ በቍጥር ብቻ ሲያቀርቡላቸው ከመቶው 37 ያህሉን ብቻ መለሱ። አንዱ የ12 ዓመት ልጅ የአንዱ ኮኮናት ዋጋ 35 ሲሆን የ10ሩ ስንት እንደ ሆነ ተጠይቆ፣ የሦስቱን 105 አለ፤ ሦስት ጨምሮ 210፣ ደግሞ ሦስት ጨምሮ 315፣ በመጨረሻም አንዱን ጨምሮ 350 አለ። በዐሥር ሲባዛ 0 መጨመር እንደሚበቃ በትምህርት ቤት የሚነገረው ሕግ በአሳቡ አልመጣም፤ መልሱ ግን ትክክል ነበረ።

ይህ በኢትዮጵያም ገበያ የሚታይ ነው። ቆሎ የምትሸጥ ልጅ የ32 ብር ዕቃ ሸጣ 50 ብር ስትቀበል 2ን ከ0 ልቀንስ ብላ አትጨነቅም። ከ32 ተነሥታ 3 ብር ሰጥታ «ሠላሳ አምስት»፣ 5 ብር ሰጥታ «አርባ»፣ 10 ብር ሰጥታ «አምሳ» ትላለች፤ የሰጠችው መልስ 18 ብር ነው። ይህች ልጅ በክፍል ውስጥ ሒሳብ አታውቅም ተብላ ከኋላ ተቀምጣ ልትገኝ ትችላለች። መምህሩ በቅዳሜ ገበያ ቆም ብሎ ተማሪዎቹን ቢመለከት ማን ምን እንደሚያውቅ ከፈተናው ይልቅ ይረዳ ነበር። በክፍልም «በገበያ እንዴት ታደርጊዋለሽ?» ብሎ ይጠይቃት፤ የነገረችውንም በሰሌዳ ላይ እርሱ ይጻፈው፤ እጅና ሰሌዳ የሚገናኙት እንዲህ ነው።

በወረቀት መቀነስ ግን የራሱ ገደል አለው። 52 ሲቀነስ 27 ቢባል ብዙ ልጅ 35 ይላል፤ ከ2 ላይ 7 ስለማይነሣ ገልብጦ ከ7 ላይ 2ን ያነሣልና። «ከጎረቤት ተበደር» የሚለው የመምህራን ቃልም ብዙ አይረዳም፤ አስተዋይ ልጅ «መቼ ይመልሳል?» ብሎ ቢጠይቅ መልስ የለውም። በነዶ ቢሠራ ግን ነገሩ ግልጥ ነው። 5 ነዶና 2 ነጠላ አለ፤ 7 ነጠላ ስጥ ቢባል አይበቃም፤ ስለዚህ አንዱ ነዶ ይፈታል። 4 ነዶና 12 ነጠላ ሆነ፤ ከ12 ላይ 7 ሲነሣ 5 ይቀራል፤ ከ4 ነዶ ላይ 2 ሲነሣ 2 ይቀራል፤ 25። «ተበደር» ከማለት «ነዶ ፍታ» ማለት ይሻላል።

ስለ ማብዛት ጥቂት ይበቃል። የማብዛት ሠንጠረዥ በቃል መያዝ አለበት፤ ዳዊትን በቃሉ የወጣ ሰው የቃልን ጥቅም አይክድም። ነገር ግን 7 ጊዜ 8 56 መሆኑን ከማዜሙ በፊት ልጁ 7 ረድፍ፣ በየረድፉ 8 ሽምብራ ደርድሮ ይይ፤ ረስቶ ቢገኝ ተመልሶ የሚሠራበት እንዲኖረው ነው። በቃሉ ብቻ የያዘ ልጅ አንድ ጊዜ ከተሳተ የሚመለስበት የለውም። የዘመን አቈጣጠሩም መልካም መልመጃ ነው፤ ከገበያ እስከ ገበያ 7 ቀን ነውና በ8 ገበያ ስንት ቀን እንደሚያልፍ ልጁ ይቍጠር። 12 ወር በ30 ቀን 360 ነው፤ ጳጉሜን 5 ስትሆን 365፣ 6 ስትሆን 366 ይሆናል።

ማካፈል ላይ ሲደረስ መንደሩ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ሽማግሌ ቢኖረው ለ4ኛ ክፍል ልጆች ይጋበዝ። ልጆች በማካፈል ጊዜ የሚተርፈውን እንደ ፍርፋሪ ይጥሉታል፤ በባሕረ ሐሳብ ግን የሚፈለገው ያው የተረፈው ነው። የ2017 ዓ.ም.ን ዓመተ ዓለም ለማግኘት 5500 ሲጨመር 7517 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል 395 ደርሶ 12 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 11 ነው። 11 በ11 ሲበዛ 121፣ በ30 ሲገደፍ 1 ይተርፋል፤ አበቅቴ 1 ነው። 11 በ19 ሲበዛ 209፣ በ30 ሲገደፍ 29 ይተርፋል፤ መጥቅዕ 29 ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መሆናቸውን ልጆቹ ሲያዩ ሽማግሌውን የሌላውን ዓመት ካልሠራን ብለው ያስቸግሩታል። ይህ ለትንንሾቹ አይደለም።

ለትንንሾቹ ሽማግሌ የሚያስፈልገው ለልክ ነው። ሽማግሌው የክፍሉን ርዝመት በክንዱ ይለካ፤ 14 ክንድ ሆነ እንበል። የ1ኛ ክፍል ልጅ ያንኑ ክፍል በገዛ ክንዱ ሲለካ ወደ 20 ይደርሳል። ልጆቹ ማን እንደ ተሳሳተ ይጠይቃሉ። መምህሩ አይመልስ፤ ሁለቱን ክንዶች ጎን ለጎን አስይዞ ያሳያቸው፤ የሚለካበት ባጠረ መጠን ቍጥሩ እንደሚበዛ ራሳቸው ይናገሩ። የአንዱ አገር ቍና ከሌላው አገር ቍና ለምን እንደማይስማማ፣ በእርሱም ምክንያት በገበያ ስንት ጠብ እንደ ተነሣ ሽማግሌው ይንገራቸው፤ ይህን ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ከዚያ በኋላ አንድ ሜትር የሆነ ገመድ ይምጣ፤ በየ10 ሳንቲ ሜትሩም ቋጠሮ ይታሰርበት፤ እያንዳንዱ ቋጠሮ አንድ ነዶ ነው። ገመዱ በክፍሉ ግድግዳ ተሰቅሎ ይኑር፤ ልጆቹም በሩን፣ ሰሌዳውንና እርስ በርሳቸውን እየለኩ በየሳምንቱ ይጻፉት።